በመንገድ ላይ ያለ ሰው የኑሮ ውድነት፦ ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች እስከ ጅቡቲ ወደብ

በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ በጭሮ ከተማ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



በዚህ መድረክ እንድናገር ስለተጋበዝሁ አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራቸውን አቋርጠው ለመጡት የከተማችን ነጋዴዎችና የትራንስፖርት ማኅበራት አባላትም ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ፤ የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከሁላችንም ይልቅ የእነርሱ ነውና።

ስለ ኑሮ ውድነት በአገራችን ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ነገር ግን በሚነገረውም ሆነ በሚጻፈው ውስጥ ዘወትር የሚታየን ከቤቱ የማይርቅ ሰው ነው፤ ደመወዙን የሚቀበልበት፣ እህሉን የሚሸምትበትና የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት ከተማ አንድ የሆነ ሰው። በየወሩ የሚወጣው የዋጋ ንረት መለኪያም በመሠረቱ የሚመለከተው ይህንኑ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ቤተሰብ ነው። እኔ ላነሣው የምፈልገው ሌላውን ሰው ነው። ክፍያው በአንድ ከተማ ይተመናል፤ በሌላ ከተማ ያድራል፤ በሌላ አገር ይበላል። የረጅም መንገድ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ መርከበኛው፣ ባሕር ተሻግሮ የሚሠራው ወጣት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሐሳቤን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጠው። የመንገደኛ ሰው የኑሮ ውድነት የሚወሰነው በዕቃ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ገቢው በተተመነበት ገንዘብና ወጪው በሚወጣበት ገንዘብ መካከል ባለው ርቀትም ነው። ይህ ርቀት ሲሰፋ፣ በገበያው ላይ አንድም ዋጋ ሳይጨምር የሰውየው ኑሮ ሊወደድ ይችላል።

መልህቅ የሚጥልና ወደብ የሚከፍል

ጉዳዩ በግልጽ እንዲታይ ከእኛ ራቅ ካለ ምሳሌ ልነሣ። በዓለም ላይ በትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ላይ እየኖሩ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ በአገራቸው ከሠሩበት ጡረታ ወይም ካጠራቀሙት ገንዘብ ይተዳደራሉ። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥተው በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን የሚያልፉትም በጅቡቲ ደጃፍ ያልፋሉ። እነዚህ ሰዎች ኑሯቸውን የሚያሰሉበት መንገድ ለእኛ ትምህርት አለው።

የጀልባ ነዋሪ ዋና ምርጫው ሁለት ነው። ወይ በተከፈለበት የጀልባ ማቆሚያ ገብቶ ውኃና መብራት ያገኛል፣ ወይ ራቅ ብሎ መልህቁን ጥሎ፣ ከያዘው ስንቅ አብስሎ፣ ውኃውን ቆጥቦ ያድራል። ገንዘቡ ሲረክስበት በቅድሚያ የሚቀንሰው ምግቡን ሳይሆን ማረፊያውን ነው። የአየር ጠባይ እስኪመች ወይም መለዋወጫ እስኪደርስ አንድ ወደብ ላይ ተይዞ ሲቆይ ደግሞ ምንም ሳይጓዝ ወጪው ይቆጥራል።

አሁን ጀልባውን ተሳቢ መኪና፣ መልህቁን ፍሬን አድርጉት። ሹፌሩም አልጋ ይዞ ያድራል ወይም በጋቢናው ውስጥ ይተኛል፤ ምግብ ቤት ይበላል ወይም ከመኪናው ጥላ ሥር ምድጃውን ለኩሶ ያበስላል፤ ወደብ ላይ ተራ እስኪደርሰው ሲጠብቅ ቆሞም ያወጣል። ልዩነታቸው አንድ ነው። የሸራ ጀልባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ገንዘብ ይዞ ርካሽ ወደሆነ አገር ይሄዳል። የእኛ ሹፌር ብር ይዞ ውድ ወደሆነ አገር ይሄዳል።

በመንገደኛ ሌሊት የበለጸጉ ከተሞች

የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች ታሪክ ያለ መንገደኛ መናገር አይቻልም። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ የጨርጨርን ተራራ ሽቅብ አልወጣም። ቆላ ቆላውን በአፍደምና በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ አለፈ። ስለዚህ የደጋው ቡና ወደ ጣቢያዎቹ መውረድ፣ የውጭው ዕቃ ደግሞ ከጣቢያዎቹ ወደ ደጋው መውጣት ነበረበት። ጭሮ፣ በያኔው ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የጨርጨር ዋና ከተማ ሆና ያደገችው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አካባቢውን ባስተዳደሩበት ዘመን ነው። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበው በዚያን ጊዜ ነበር።

በጥንቱ ባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም፤ ተሳፋሪው በአዋሽና በድሬዳዋ ያድራል። የአዋሹ የባቡር ሆቴል፣ በየጣቢያው ያሉት ሻይ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ከዚህ ሌሊት የተወለዱ ናቸው። የመንገደኛው የአንድ ሌሊት ወጪ የከተማው የአንድ ቀን ገቢ ነበር።

በኋላ ሚዛኑ ወደ መኪና መንገዱ አዘነበለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በቦርደዴ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አልፎ ወደ ጭሮ የሚወጣው፣ ከዚያም በሂርና በኩል እስከ ቁልቢና ደንገጎ የሚዘልቀው መንገድ የከተሞቻችን የደም ሥር ሆነ። ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ በደሳንና ገለምሶን ከዚሁ ጋር አገናኘ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በሚኤሶ በኩል ያልፋል፤ ነገር ግን እንደ ጥንቱ በየመንገዱ ሌሊት አያሳድርም። የሚያድረው መንገደኛ ዛሬ የመኪናው ሰው ነው።

የሹፌሩ የወጪ ዝርዝር

የዚህን ሰው ወጪ እንቁጠር። አልጋ፣ ምግብ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ የመኪና ማቆሚያና የሌሊት ጥበቃ፣ የስልክ ካርድ፣ የረዳቱ ወጪ፣ በመንገድ ለሚበላሽ ጎማና መለዋወጫ የሚያዝ መጠባበቂያ። ነዳጁን ብዙ ጊዜ ባለ መኪናው ይሸፍናል፤ ሆኖም የነዳጅ ዋጋ ሲንር ባለ መኪናው የሚቆጥበው ከሹፌሩ አበል ነው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 48 ብር አካባቢ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ከ100 ብር አልፎ ነበር። ይህ ጭማሪ በሹፌሩ ኪስ ውስጥ በቀጥታ ባይታይም፣ ከባለ መኪናው ጋር በሚያደርገው ክርክር ውስጥ ግን ሁልጊዜ አለ።

ሹፌሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጫት የሚጭነው ሹፌር ጠላቱ ጊዜ ነው። ጫት ከተቀነጠሰበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው እየወደቀ ስለሚሄድ በመንገድ ላይ አያድርም፤ ወጪውም ፍጥነትና ድካም ነው። ደረቅ ጭነት የሚጭነው ሹፌር ግን ወጪው መቆየት ነው። ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል፣ ወይም ከአዋሽ በሚሌና በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ገብቶ ፒኬ 12 በሚባለው የመኪኖች ማቆሚያ ተራውን ይጠብቃል። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚያ ስፍራ የሚጠጣ ውኃ ከምግብ አይተናነስም። ሹፌሩ የያዘው በሶና ቆሎ ለጥቂት ቀናት ያግዘዋል፤ ውኃና በረዶ ግን በየቀኑ በጅቡቲ ፍራንክ ይገዛል።

ፍራንክ፣ ዶላርና ብር

የንግግሬ ማዕከል እዚህ ላይ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሠረ ገንዘብ ነው፤ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ይህ ተመን እንደ ፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ጅቡቲ ውስጥ የሚገዛ ሰው በፍራንክ ይክፈል እንጂ በሥራው የሚከፍለው በዶላር ነው።

ብር ደግሞ ተጉዟል። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተሸጋገረ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ይፋዊ ተመን በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ወጣ፤ ከወራት በኋላም 120 ብር አካባቢ ደረሰ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሹፌር ለጅቡቲ ቆይታው 3,000 ብር አበል ይሰጠዋል እንበል። ቁጥሩን የመረጥሁት ስሌቱን ለማቅለል ነው። በ57 ብር ተመን ይህ አበል 9,350 ፍራንክ ያህል ነው። በ120 ብር ተመን ግን 4,440 ፍራንክ ያህል ብቻ ይሆናል። ፒኬ 12 ላይ የአንድ ሳህን ሩዝ ዋጋ በአንዲት ፍራንክ እንኳ ባይጨምር፣ የሹፌሩ ቆይታ ከእጥፍ በላይ ተወድዷል። የቀድሞውን ኑሮውን ይዞ ለመቀጠል አበሉ ወደ 6,300 ብር ማደግ ነበረበት።

ክቡራን እንግዶች፤ ስሌቱ ግን እዚህ ላይ ቢቆም እውነቱን ያጎድላል። ሹፌሩ ከባንክ መስኮት በይፋዊ ተመን ፍራንክ የሚገዛበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። በጠረፍ ከተሞች የሚመነዝረው በጥቁር ገበያ ነበር፤ በዚያ ገበያ ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. አስቀድሞም ከ100 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ሹፌሩ የምንዛሪ ለውጡን ከባንኩ ቀድሞ ኖሮታል። አበሉ በወረቀት ላይ በይፋዊ ተመን በቂ ሲመስል፣ በእጁ ላይ ግን ግማሽ ነበር። ተመኑ ሲለቀቅ ለእርሱ የተለወጠው ነገር ይህ ነው፦ ጉዳቱ ለሁሉም ታየ። በወረቀቱና በኪሱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠበበ፤ አበሉን እንደገና ለመተመን የሚቀርበው ምክንያትም ከእንግዲህ ሊካድ የማይችል ሆነ።

ቁም ነገሩም ያ ነው። ሹፌሩን የጎዳው የተመኑ መለቀቅ ብቻ አይደለም። አበሉ በብር ተጽፎ፣ ለዓመታት በዚያው ቁጥር መቆየቱ ነው።

የሚዛኑ ሌላኛው ጫፍ

በአንድ ቤት ውስጥ ግን ይኸው ለውጥ ተቃራኒ ፊት ሊኖረው ይችላል። ከሐረርጌ ተነሥተው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሻገሩ ወጣቶችን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉዞው ስንት ሕይወት እንደሚቀጥፍም እናውቃለን። የሳዑዲ ሪያልም ከዶላር ጋር የታሠረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው። በ57 ብር ተመን 15 ብር ያህል የነበረው አንድ ሪያል፣ በ120 ብር ተመን 32 ብር ነው። ፍራንክና ሪያል ሁለቱም ከአንድ ገመድ ጋር የታሰሩ በመሆናቸው፣ ብር ሲወርድ የሚልከው ልጅና ጅቡቲ የሚገባው አባት በአንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። የአንዱ ከፍ ሲል የሌላው ዝቅ ይላል።

ከእነዚህ ይልቅ በቁጥር ያነሱት፣ ግን ጉዳዩን በግልጽ የሚያሳዩት መርከበኞቻችን ናቸው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. የራሷን የመርከብ ድርጅት አቋቁማለች። ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ የመርከብ መሐንዲሶች በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረው በዶላር ይከፈላቸዋል። በመርከብ ላይ ምግቡና አልጋው ከአሠሪው ነው። ይህ ሰው ገቢው በጠንካራ ገንዘብ ነው፤ ወጪው ግን ከሞላ ጎደል የቤተሰቡ የአገር ቤት ወጪ ነው። የሹፌሩ ተቃራኒ ማለት ይህ ነው። ሁለቱም ዓመቱን ከቤታቸው ርቀው ያሳልፋሉ፤ የሁለቱን ኑሮ የለየው የተተመኑበት ገንዘብ ነው።

ሆኖም ለሚቀበለው ቤተሰብ ጥቅሙ ሙሉ እንዳይመስላችሁ። ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ስኳር፣ መድኃኒትና መለዋወጫም ምንዛሪውን ተከትሎ ይወደዳል። የሪያል መጨመር የሚሰጠውን የጭሮ ገበያ ከፊሉን መልሶ ይወስደዋል። የውጭ ገቢ የሌለው ጎረቤት ግን የሚወሰድበት ብቻ ነው።

ለከተሞቻችን ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ከተሞቻችን ልመለስ። የመንገደኛው ወጪ ለሚኤሶ፣ ለጭሮ፣ ለሂርናና ለበደሳ ገቢ ነው። አንዳንድ ጊዜ የአልጋና የምግብ ዋጋ ሲጨምር ገቢው የሚያድግ ይመስለናል። በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ዋዜማ፣ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ተሳላሚው ሌላ ምርጫ የለውምና። ሹፌሩ ግን ምርጫ አለው። እንደ ጀልባው ሰው መልህቁን ራቅ አድርጎ ይጥላል። በጋቢናው ይተኛል፤ ስንቁን ይበላል፤ ወይም ከተማዋን አልፎ ቀጣይዋ ከተማ ላይ ያድራል። ምግቡን የሚያበስልለት ባለሙያ፣ መኪናውን የሚጠብቅለት ወጣት፣ ጠዋት ሆጃ የምታቀርብለት እናት ያንን ሌሊት አጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ለባለ መኪኖችና ለትራንስፖርት ማኅበራት ነው። ድንበር የሚሻገር ሹፌር አበሉ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ በአገር ውስጥ ለሚያድርበት በብር፣ በጅቡቲ ለሚቆይበት ደግሞ በፍራንክ ይተመን። ክፍያው በብር ቢፈጸም እንኳ የሚሰላው በዕለቱ የባንክ ተመን ይሁን። ይህ ሲደረግ ሹፌሩ ምንዛሪ በተለወጠ ቁጥር መለመን አያስፈልገውም፤ ባለ መኪናውም የጭነት ዋጋውን ሲዋዋል ወጪውን አስቀድሞ ያውቃል። የመቆያ ቀናትም ይቆጠሩ። ወደብ ላይ የሚቆየው ሹፌሩ በራሱ ጥፋት አይደለምና የመቆየቱ ወጪ በእርሱ ላይ ብቻ ሊያርፍ አይገባም።

ሁለተኛው ለከተማ አስተዳደሮችና ለአልጋ ቤት ባለቤቶች ነው። መንገደኛን የሚያስቆመው የዋጋ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው አስቀድሞ መታወቁም ነው። በር ላይ የተለጠፈ የአልጋ ዋጋ፣ ጥበቃ ያለው የተሳቢ ማቆሚያ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሹፌሩን ከጋቢናው የሚያወርዱት ነገሮች ናቸው። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ስምምነት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ፣ ለዚህ ፋኩልቲ ነው። የተቀመጠው ቤተሰብ መለኪያ አለው፤ መንገደኛው ግን የለውም። ተማሪዎቻችን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን በሚኤሶ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ አምስት ነገሮችን ብቻ ቢመዘግቡ ይበቃል፤ የአንድ አልጋ፣ የአንድ ምሳ፣ የአንድ ሊትር ውኃ፣ የአንድ ሌሊት የመኪና ማቆሚያና የአንድ ጎማ ጥገና ዋጋ። ከዚህ አጠገብ የዕለቱ የፍራንክ ተመን ይጻፍ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ሹፌር ወይም ባለ መኪና ይዞት ሊደራደርበት የሚችል ሰነድ ይኖረናል። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ከዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ ከግቢያችን በር ወጥታችሁ ዋናው አስፋልት ላይ ብትቆሙ የምትጠይቁት ሰው ሲያልፍ ታገኙታላችሁ።

ክቡራን እንግዶች፤ አንድ አገር የባሕር በር ሳይኖራት የውጭ ንግዷን የምታካሂደው በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ነው። እያንዳንዱ ኩንታል ማዳበሪያና እያንዳንዱ ጀሪካን ዘይት ወደ ማዕዳችን ከመድረሱ በፊት የአንድ ሰው የፒኬ 12 ሌሊት አለበት። ያ ሌሊት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማወቅ፣ ቢያንስ የእኛ የምሁራኑ ግዴታ ነው።

 ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም መንገዱን ከእኔ በተሻለ የምታውቁት ሹፌሮቻችን፣ ቅድሚያው የእናንተ ነው።